ቅርፊቱን የለቀምኩበት ሳምንት

ከአሰላ የወጣሁት ገና ጎህ ሳይቀድ፣ አጥንት በሚሰብር ብርድ ነው። በደርግ ጊዜ፣ ቀበሌ ስብሰባ ላይ «የዲክሲስ ገብስ የት እየገባ ነው?» ብዬ በመጠየቄ ስሜ ተይዞ ነበር። እናቴ ሻንጣዬን ዘግታ «ሂጂ፤ ይህን ምላስሽን ይዘሽልኝ ሂጂ» አለችኝ። ዋና ከተማ ገብቼ በሞግዚትነት ልጆቻቸውን የያዝኩላቸው ጃፓናውያን ባልና ሚስት ወደ አገራቸው ሲመለሱ ይዘውኝ ሄዱ።

ልጆቹ ሲያድጉ ባልየው ዩኒቨርሲቲ ሥራ አገኘልኝ፣ ሞሪታ ከሚባሉ ሽማግሌ መምህር ዘንድ፤ «ሰንሴ» እንላቸዋለን፣ መምህር ማለት ነው። ሥራው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የዛፍ ሽበት! ያ ጭላሎ ተራራ ላይ ከአስታ ዛፍ ተንጠልጥሎ፣ ማናችንም ዞር ብለን የማናየው። ሰንሴ ለምርምራቸው ከናጋኖ ተራሮች፣ ከተጣበቀበት የዛፍ ቅርፊት ጋር እየለቀሙ ያመጡታል፤ እኔ በወረቀት ከረጢት እጠቀልላለሁ።

የመኖሪያ ፈቃዴን ላሳድስ ስሄድ የኢሚግሬሽኑ ሰውዬ ግን አልገባውም።

«ሥራሽ ምንድነው?»

«የዛፍ ሽበት መጠቅለል።»

«ይህን የሚሠራ ጃፓናዊ ጠፍቶ ነው?»

«ባይጠፋማ እኔን ይጠሩኝ ነበር?»

እስክርቢቶውን አስቀመጠ። «እስከ ዓርብ የመምህሩን ደብዳቤ ካላመጣሽ ከአገር ትወጫለሽ።»

እንግዲህ ጉብዝናዬን ላሳይ ብዬ፣ ሰንሴ በሌሉበት አርባ ከረጢት ዘረገፍኩ። ምስር እንደሚለቀም ቅርፊቱን ሁሉ ለቅሜ አወጣሁና ሽበቱን ብቻ አጥርቼ መለስኩ። ሁሩታ ያለችው አክስቴ ብታየኝ ትመርቀኝ ነበር።

ሰንሴ መጥተው አንዱን ከፈቱ፤ ሌላውን ከፈቱ። አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር።

«ቅርፊቱስ?»

«ቆሻሻውን ነው? አወጣሁታ!»

«የበቀለበትን ዛፍ የምለየው በእሱ ነበር። አሁን ተራራውን እንጂ ቤቱን አላውቅም።»

ደግነቱ እኔ እንጨት መጣል አልለመደብኝም፤ ለማገዶ ይሆናል ብዬ በቆርቆሮ አጠራቅሜዋለሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ጎን ለጎን ተቀምጠን የቅርፊቱን ስባሪ ከየሽበቱ ሥር ስንገጥም ዋልን። ዘጠኝ ከረጢቶች እምቢ አሉ። ሰንሴ በላያቸው «የበቀለበት አይታወቅም» ብለው ጻፉ። ከዚያ ደብዳቤዬን ጻፉልኝ፦ «እጇ ጠንቃቃ ነው። ትቸኩላለች። ታስፈልገኛለች።»

ዓርብ ማኅተሙ ተመታ፤ አንድ ዓመት። የዚያኑ ዕለት አሰላ ቴሌ አስጠርቼ ከእናቴ ጋር በስልክ ተገናኘን።

«እማዬ፣ ፈቀዱልኝ!»

«ተመስገን! በቃ እዚያው ሁኚ።»

«ባይፈቅዱልኝ እኮ ወደ አንቺ…»

«ዝም በይ! ሁላችንም ደህና ነን። እዚያው ሁኚ፣ ልጄ።»

መስመሩን የሚያዳምጥ እንዳለ እሷም እኔም እናውቃለን። ቴሌፎኒስቷ «ደቂቃው አልቋል» ብላ ቆረጠችው።

ያን ሁሉ ቅርፊት ስገጥም የሰነበትኩት እዚያው ጃፓን ለመቅረት ነው። የደወልኩት ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ አንድ ጊዜ እንኳ «ነይ» ብትለኝ ብዬ ነበር።