ፀጋነሽ በዳንግላ፣ በለጡ በቆሰበር

በለጡ ቆሰበር መናኸሪያ በር ላይ ቁርስ ቤት አላት። እኔ አጠገቧ ድንች እቸረችራለሁ። ፍርፍሯን ሳይቀምስ የሚያልፍ ሹፌር የለም።

ዳንግላ ግን ፀጋነሽ ናት። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት የኤች አይ ቪ መድኃኒት ስትጀምር እዚያ ሄዳ በሟች እህቷ ስም ካርድ አወጣች። እዚሁ ብትጀምር ሰው አይቷት ከእጇ አልበላም እንዳይል ፈርታ ነው። በየሦስት ወሩ "እቃ ላመጣ" ብላ በሚኒባስ ትሄዳለች። ስትመለስ ብልቃጡ እንዳይንኳኳ ጥጥ ትጠቀጥቅበታለች። ከሰው ሁሉ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ዘንድሮ መንገድ ተዘጋ። ሳምንት አለፈ፣ ሁለት ሳምንት አለፈ፣ አራት ፍሬ ቀራት። ኔትወርክ በመጣ ቀን የዳንግላዋ ነርስ ደውላ አንድም ቀን እንዳታቋርጥ፣ እዚሁ ቆሰበር ጤና ጣቢያ ሄዳ እንድታስረዳ ነገረቻት። በለጡ ስልኩን ዘግታ "ካርድ ክፍል ያለችው እኮ እመቤት ናት" አለችኝ። እመቤት በየጠዋቱ ፍርፍር የምትበላ ደንበኛዋ ናት። ምን ይደረግ፣ ካልሄድሽ ብዬ የጨቀጨቅኋት እኔ ነኝ።

የመጨረሻዋን ፍሬ በዋጠች ማግስት አብረን ሄድን። በመስኮቱ ጎንበስ ብላ የመጣችበትን በሹክሹክታ ተናገረች። ስም ስትጠየቅ ግን የለመደ አፏ "ፀጋነሽ" አለ።

እመቤት ቀና ብላ አየቻት። "በለጡ፣ የራስሽን ስም ነው የጠየቅኩሽ" አለች፣ ከኋላችን የተሰለፈው ሁሉ እየሰማ።

በለጡ የመስኮቱን ብረት እንደያዘች ቀረች። ብትመለስ መድኃኒት የለም፤ ብትናገር ቁርስ ቤት የለም።

"በለጡ ብለሽ ጻፊው" አለች በመጨረሻ። የአንድ ወር ተሰጣት።

በማግስቱ እመቤት በሰዓቷ መጣች። ሰላም አለችን፣ ስለ መንገዱም ጠየቀችን። እንዴት ደስ አለኝ! በለጡም ሳትታዘዝ መጥበሻውን ጣደች።

"ፍርፍሩ ዛሬ ይቅርብኝ" አለች እመቤት። "እንቁላል ቅቅል አድርጊልኝ። እንዳትልጪው፣ እኔው እልጠዋለሁ።"

በሽታው በምግብ አይተላለፍም የሚል ወረቀት ከራስጌዋ ተለጥፎ የምትሠራ ሴት ናት ይህን ያለችው። ልናገራት ብድግ ስል በለጡ በዓይኗ አስቀመጠችኝ። መጥበሻውን አወረደችና ውሃ ጣደች።

"ስንት ላድርግልሽ?" አለቻት።