ለአርባ እርምጃ የተስተካከለ ጠመንጃ

ጠመንጃውን በሞከርንበት ቀን የነበርነው ባለቤቴ፣ ታናሽ ወንድሙ፣ ጎረቤታችን ሱማሌው ሾፌርና እኔ ነን። ልጄም ነበረች ማለት ይቻላል፤ ከአጎቷ የእርሻ ቤት ደጅ እንዳትወጣ አስምዬያት ነው የመጣሁት።

ጠመንጃው ባለቤቴ ከአባቱ የወረሰው ነው። ባሩዱም እርሳሱም በአፈሙዙ በኩል በዘንግ እየተጠቀጠቀ የሚጎርስ፣ ፈቃድ ያለው አሮጌ ጠመንጃ። ለዓመታት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከእኔ መወልወያ በቀር የነካው አልነበረም። ድኩላ የወንድሙን ማሽላ እየበላ አስቸገረ ሲባል ግን ባለቤቴ አዳኝ ሆኖ አደረ።

ክርክሩ ማነጣጠሪያውን ለስንት እርምጃ እናስተካክለው የሚል ነበር። እርሳሱ ርቆ ሲሄድ ወደ ታች ይወርዳል፤ ለሩቅ ካስተካከሉት ደግሞ ቅርብ ያለውን በላዩ ያልፈዋል አሉኝ።

«መቶ እርምጃ» አለ ባለቤቴ።

«ጋሼ፣ ሃምሳ ይበቃል» አለ ወንድሙ።

«የማን እርምጃ?» አልኩ። ባለቤቴ ቁመቱ የስልክ እንጨት ነው።

ጎረቤታችን ሳቀ። «እኔ ልዳኛችሁ። ክርስቲያን ያረደውን አልበላ፤ ለማንም አላዳላም።»

እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ስለ ባሩድ አላውቅም። የማውቀው ልጄ በየጠዋቱ ቡናማ ሻርፕ ጣል አድርጋ፣ በእርሻው ዳር ባለው ቁጥቋጦ መሃል ውሃ ልትቀዳ እንደምትወርድ ነው። ድኩላም ቡናማ ነው። የባሌንም ዓይን አውቀዋለሁ። አንድ ጊዜ ቀፊራ ገበያ ውስጥ እኔ መስላው የሌላ ሴት ዘንቢል ተቀብሎ እስከ ባጃጁ ድረስ ተሸክሞላታል።

«ጠመንጃው ሳይጎርስ መኪናው ላይ ይቀመጥ» አልኩ። «አንተ ፊትህን አዙር። እኔ ርቄ ልቀመጥና ፈልገኝ። በደንብ የምታየኝ ከስንት እርምጃ እንደሆነ እንወቅ፤ የጠመንጃውም ርቀት እሱ ይሁን።»

መቶ ቆጥሬ አንድ ግራር ሥር ቁጭ አልኩ።

«ዋሪያ፣ አንተ ሰውዬ፣ ዙር! ምን ይታይሃል?» አለው ጎረቤታችን።

ባሌ ዓይኑን አጨንቁሮ ቆየ። «ግራሩ ሥር ፍየል አለች። ሚስቴስ የት ሄደች?»

ጎረቤታችን በሳቅ መሬት ላይ ተቀመጠ። እኔም ጮህኩ፦ «ሃያ ስምንት ዓመት አብሬህ ኖሬ ፍየል ሆንኩ?»

«ድምፅሽ እኮ ከሩቅ ይታወቃል!» አለ፤ አላፈረም።

ከዚያ ወዲያ እኔ መሆኔን ስላወቀ ዳኛው ጥያቄውን ቀየረ። ሰባ እርምጃ ላይ ስደርስ «በእጇ ምን ይዛለች?» አለው።

«ዱላ።»

ሻርፕ ነበር። ቀስ እያልኩ እየቀረብኩ አርባ ላይ ቆምኩ።

«ሻርፕ፤ ቡናማ» አለ። «አፍሽም እየተንቀሳቀሰ ነው።»

«እትዬ፣ ያንቺ አርባ እርምጃ የእኛ ሠላሳ ነው» አለ ወንድሙ።

«እሰየው፤ እንግዲያው ሠላሳ ይሁን።»

ባዶ ጄሪካን አንድ ገደል ሥር አስቀምጠው በእኔ አርባ እርምጃ ተኮሱ። ጭሱ ሁላችንንም ሸፈነን። ማነጣጠሪያውን በትንሹ እየነካኩ በሦስተኛው መሃሉን በሱት። ጎረቤታችን ግን ጄሪካኑን ትቶ ከኪሱ የሩቅ ማያ መነጽሩን አወጣና ባሌ አፍንጫ ላይ ሰካው። «ያዘው፤ እኔ መኪና ውስጥ ሌላ አለኝ።»

ባሌ ወደ እኔ ዞሮ ትኩር ብሎ አየኝ። «አንቺ፣ መቼ ነው እንዲህ ያረጀሽው?»

«አንተ ማየት ስታቆም።»

ድኩላው ወደ አርባ እርምጃ ቀርቦ አያውቅም፤ ማሽላውን በልቶ ጠግቦ ሄደ። ቤት ውስጥ ግን በአዳኙ እስከ ዛሬ እንቀልድበታለን። ባለፈው ሰሞን ስንቀልድበት እሱ አልሳቀም። ድኩላውን አድፍጦ በጠበቀ በሁለተኛው ጠዋት፣ ራቅ ብሎ ቁጥቋጦው ውስጥ ቡናማ ነገር ተንቀሳቅሶ እንደነበር ነገረኝ። ማድረጉን አፍሮ በኪሱ የያዘውን መነጽር ያን ጊዜ አውጥቶ አደረገው። ልጃችን ነበረች። ቀደም ብላ ወጥታ ጄሪካኗን ተሸክማ እየተመለሰች።

መነጽሩ አሁንም ቁም ሳጥኑ ውስጥ አለ። ጎረቤታችን ቤተሰቡን ይዞ ወደ ጅግጅጋ ከሄደ ሦስት ዓመት ሆነው፤ ስልኩም አይሠራም። በጅግጅጋ መንገድ ጭነት የሚያመላልስ፣ ሲስቅ መሬት ላይ የሚቀመጥ ሾፌር የሚያውቅ ሰው ካለ፣ ደህና መሆኑን እባካችሁ ንገሩኝ።