በጠፍር ያሰርኩት ሳንቃ

ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ንስሐ አባቴ ሲጠይቁኝ ጾም መሻሬን፣ ሚዛን ላይ ጣቴን ማሳረፌን እናዘዛለሁ፤ እሳቸው ስግደት ያዙኛል፣ እኔም ወገቤን ይዤ እወጣለሁ። ይህችን ግን ዋጥኳት። አንተ ስለማታውቀኝ ነው የምነግርህ።

በደርግ ጊዜ ቡና ከኬላ አሳልፎ ላሊበላ ያደረሰ ነጋዴ፣ ንጉሥ ማለት በተከለከለበት ዘመን ንጉሥ ነበር። እኔና አብሮ አደጌ አያሌው ኬላውን የምንሸሸው በሐይቅ ውሃ ላይ፣ በየራሳችን የደንገል ታንኳ ነበር። ደንገል የውሃ ዳር ቄጠማ ነውና ቀላል ነው፤ ነፋስ ሲነሳ ጭራው እየተንሸራተተ ታንኳው ይዞራል። አሰብ ወደብ ሸክም ስሸከም ግን ትንንሽ ጀልባዎች ከኋላቸው ሥር ቁልቁል የቆመ ሳንቃ እንዳላቸው አይቼ ነበር። ሳንቃው ውሃውን ሰንጥቆ ይይዛል፤ ነፋስ ከጎን ቢገፋም ጀልባው ቀጥ ይላል። ለሁለታችንም ጠርቤ በገመድ አሰርኩ።

«እንደኔው ላስታ ተራራ ላይ ተወልደህ ታንኳ ታስተምረኝ ጀመር?» ብሎ አያሌው ሳቀብኝ። ከሞከረው ወዲያ ግን ያለሱ አልቀዘፈም።

አብሮ አደጌ ልበል እንጂ ጆንያችን ለየብቻ ነው። ቅዳሜ ገበያ ቀድሞ የደረሰ ደንበኛውን ሁሉ ይጠርጋል። የሚቀድመው ደግሞ ሁልጊዜ እሱ ነበር።

አንድ ቀን የሱን ገመድ ፈትቼ ሳንቃውን በጠፍር አሰርኩት። የፈታሁት እኔ ነኝ። ያሰርኩትም እኔ ነኝ። በእኛ አገር ጠፍር እርጥቡን ታስሮ ሲደርቅ እንደ ብረት ይጠነክራል፤ አልጋችንም ቀንበራችንም በሱ ነው። ውሃ ውስጥ ሲነከር ግን ይላላል። ከቡናው በፊት ቆዳ ነጋዴ ነበርኩና አውቃለሁ። አያሌው ጠፍሩን ሲያይ፣

«እሰይ፣ አሁን ገና የሰው ማሰሪያ አሰርክ!» አለኝ።

ገበያው እንዲያልፈው ብቻ ነበር ያሰብኩት። ብቻ? ይህች «ብቻ» ስንት ሰው በልታለች?

ውሃው መሃል ዞር ስል ጠፍሩ ላልቶ ሳንቃው መውደቁን አወቅሁ። የአያሌው ታንኳ ጎኑን ለነፋስ ሰጥቷል። በአንድ በኩል እየቀዘፈ እንደ ወፍጮ ይዞራል። ነፋሱም የኬላው ሚሊሻዎች ልብስ ወደሚያጥቡበት ዳር እየገፋ ወሰደው። ስሜን ጠራ። ሰማሁት። የኔ ታንኳ ቀጥ ብሎ ሄደ። መመለስ አልችልም ነበር? እችል ነበር፤ እኔ ሳንቃ ነበረኝ።

ቅዳሜ ቡናዬን ሸጥኩ።

አያሌው ከእስር ሲወጣ ጥርሱ ረግፎ፣ አንድ እግሩን እየጎተተ ነበር። ከማን ጋር እንደነበረ እየገረፉ ሲጠይቁት ስሜን አላወጣም። ከቤቱ በፊት የመጣው እኔ ቤት ነው። ያወቀ መሰለኝ። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ፣

«ወንድሜ፣ ያን ያህል ደክመህ የጠረብከውን ሳንቃ ጣልኩብህ። ከድንጋይ አጋጭቼው ይሆናል። ይቅር በለኝ» አለኝ።

ምን ያልኩት ይመስልሃል? አፌን ከፍቼ እውነቱን አወጣሁ? እኔ፣ ጠፍሩን በገዛ እጄ ያሰርኩት እኔ፣ «ግድ የለም፣ ይቅር ብዬሃለሁ» አልኩት።

ዛሬ አያሌው አፈር ለብሷል። በነፋሱ ላሳብብ፣ በዘመኑ ላሳብብ ብል አያቅተኝም፤ ነጋዴ ነኝ። ግን ይቅርታውን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ እሱም ትከሻዬን ስሞ፣ አመስግኖኝ ሄደ።