ምርቃቱን ይድገሙልኝ

ያኔ በባንድ ይዘፍን በነበረበት ዘመን፣ አዳራሹ ሙሉ "ይደገም!" እያለ ሲጮህ አንድ ዘፈን እንኳ ደግሞ የማያውቅ ዘፋኝ ነበር። ግጥሙንም ዜማውንም የሚሠራው ራሱ ነው፤ ኩራቱንም እንደዚያው።

ዛሬ በጎ አድራጊ ሆኖ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለው የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ መጣ። ከአገር ቤት አዲስ ለመጡ አረጋውያን የክረምት ካፖርት ሊያለብስ። ከካፖርቱ የካሜራው ብዛት!

በነጠላ ብቻ ሲንቀጠቀጡ የነበሩት እማማ የሺ ካፖርቱን ለብሰው፣ እጃቸውን ዘርግተው መረቁት። ሁላችንም አሜን አልን።

"እማማ፣ ስልኩ ሪከርድ አላደረገም። ያውልቁትና እንደገና ላልብስዎ፤ ምርቃቱንም ይድገሙልኝ።"

ምርቃት ሲደገም ያያችሁ ካላችሁ እስቲ ጻፉልኝ። እኔ ጫማዬን ነበር የማየው፣ ካሜራው ወደ እኔ እንዳይዞር።

እማማ ካፖርቱን አወለቁና ክንዱ ላይ አኖሩለት።

"የሚሰማው ሰምቷል፣ ልጄ።"

ውጭው በረዶ ነው። በነጠላቸው ወጡ፤ በሩም ተዘጋ።