አብዱልሀኪም ነጋዴ የተባለበት ዓመት

የአብዱልሀኪም ሙሳን ውል በታይፕ የመታሁት እኔ ነኝ። ከሌላ ሰው ከምትሰሙት እኔው አስቀድሜ ልናገር። በ1959 ዓ.ም. ሸዋ ሮቢት ባለ አንድ እርሻ መዝገብ ቤት ተቀምጬ፣ አርባ ሦስት ሰው በአንድ ቀን ከሠራተኝነት ወደ ነጋዴነት አሸጋግሬአለሁ። ውሉ ሁሉ አንድ ዓይነት ነበር፤ የምለውጠው ስም ብቻ ነው። የታይፑ ቀለም እያለቀ ስለነበር የመጨረሻዎቹ አምስት ነጋዴዎች ደብዝዘው ወጡ።

አብዱልሀኪም የእርሻው ውሃ አጠጪ ነበር። ከሮቢ ወንዝ የተጠለፈውን ቦይ እየከፈተና እየዘጋ ብርቱካኑንና ጥጡን በየተራ ያጠጣል። ላይ ላዩን ለሚያይ ሥራው ቀላል ነው፤ ሽርጡን ሰብስቦ፣ አካፋውን ትከሻው ላይ ጥሎ በቦዩ ዳር የሚሄድ ሰው ይታያል፣ ሌላ ምንም አይታይም። ሮቢ ግን የዋዛ ወንዝ አይደለም። እኛ ዘንድ ሰማዩ ጠርቶ ሰው ጥላ ፍለጋ ሲራወጥ፣ ላይ ደጋው ዘንቦ ከሆነ ደራሽ ጎርፍ ሳይታሰብ ይመጣል። አብዱልሀኪም ይህን ከውሃው መልክ ያውቀዋል። ወንዙ ገና ሻይ ሲመስል የቦዩን አፍ በድንጋይና በቅጠል ይደፍነዋል። በሠራባቸው አሥራ አንድ ዓመታት ቦዩ አንድ ቀን እንኳ አልተደረመሰም፤ ስላልተደረመሰም ማንም አመስግኖት አያውቅም።

ደመወዙ በወር ሃያ አምስት ብር ነበር። ወባ ሲይዘው ኪኒኑን ከእርሻው ሳጥን ይወስዳል፣ የተኛበትም ቀን አይቆረጥበትም። ግብር የሚባለውን ነገር እርሻው ያውቅለታል፤ እሱ ስሙን እንጂ መልኩን አያውቀውም ነበር።

ባለ እርሻው አዲስ አበባ ተቀምጠው ብርቱካናቸውን በሳጥን ብቻ የሚያዩ ሰው ነበሩ። እርሻውን የሚያስተዳድርላቸው አቶ ይልማ የሚባል፣ ፀጉሩን በቅባት የሚያስተኛ ጎልማሳ ነው። በዚያ ዓመት ሰኔ ላይ ጌታው ጠርተውት አዲስ አበባ አንድ ሳምንት ከረመ። ስለ ሠራተኛና ስለ አሠሪ አዋጅ መውጣቱን፣ ሠራተኛ ያለው ሰው ግዴታ እየበዛበት መሆኑን እዚያ ነገሩት። መፍትሔውንም ነገሩት፤ ሠራተኛ አለመኖር ነው። ሥራው ይኖራል፣ ሰውዬውም ይኖራል፣ ሠራተኛው ብቻ አይኖርም። አቶ ይልማ ይህንን ጥበብ በአንድ ገጽ ወረቀት ይዞ ተመለሰ።

ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ሁላችንንም ትልቁ ሾላ ሥር ሰበሰበን።

«ከእንግዲህ አለቃ የላችሁም» አለ። «እያንዳንዳችሁ የራሳችሁ ጌታ ናችሁ። እርሻው ከእናንተ ሥራ ይገዛል፣ እናንተ ለእርሻው ትሸጣላችሁ።» ቀጥሎም በነጋታው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ያልተገኘ ጌታ ውሉ እንደሚፈርስ አስታወቀ።

ክፍያው ወደ ሃያ ሰባት ብር ከፍ አለ። የኪኒኑ ሳጥን ተቆለፈ፣ የሕመም ቀንም ቀረ። አንድ ሁለት ሰው ሊያጉረመርም ሞከረ። አቶ ይልማ ግን ክርክር አያበዛም፤ መስኮት ይከፍታል። ከመስኮቱ ማዶ፣ እርሻው በር ላይ፣ ከካራቆሬና ከማጀቴ በኩል ሥራ ፍለጋ የመጡ ሰዎች በየጠዋቱ ግድግዳ ተደግፈው ይቀመጡ ነበር። ያጉረመረመው ሰው እነሱን ትንሽ ያያል፣ ከዚያ አውራ ጣቱን ቀለም ውስጥ ይነክራል።

አብዱልሀኪም ልጅ ሆኖ ቁርአን ተምሯልና በዓረብ ፊደል ፈረመ። አቶ ይልማ ወረቀቱን ወዲያ ወዲህ አዟዙሮ፣ ፊርማ ነው ወይስ ሐረግ ብሎ ጠየቀኝ። ፊርማ ነው አልኩት።

መስከረም ላይ ወባው መጣ። አብዱልሀኪም አራት ቀን ተንቀጠቀጠ። ሚስቱ ሳፊያ እርሻው ድረስ መጥታ ኪኒን ብትለምን፣ አቶ ይልማ በትሕትና መለሳት። ነጋዴ ሲታመም የሚያክመው የራሱ ትርፍ ነው አላት። ሳፊያ ዶሮዋን ሸጣ ኪኒን ገዛች፤ የአራቱም ቀን ክፍያ ቀረ። ቤቷ ስሄድ ባልዋ ከተሾመ ወዲህ ዶሮ እንዳልተረፋት ነገረችኝ።

ኅዳር ላይ ደግሞ ከግብር ሹሙ መጥሪያ መጣ። ሹሙ ስሙ ደስታ ነው፤ ስም ያወጣለት ሰው ሥራውን አላወቀም። አቶ ደስታ ክፉ ሰው አልነበረም። እርሻው ለወጪው ማስረጃ ብሎ የላከለትን ዝርዝር ሲመለከት፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ በአንድ ቀን አርባ ሦስት ነጋዴ መብቀሉን አየ፣ ነጋዴ ደግሞ ይገብራል። ሌላ የሚያስበው ነገር አልነበረውም።

አብዱልሀኪም መንግሥት ፊት እንዴት በሽርጥ እቀርባለሁ ብሎ የአማቹን የሱፍ ኮት ተውሶ ለበሰ። ጽሑፍ ሲያስፈልግ እንድረዳው አብሬው ሄድኩ።

«ንግድ ቤትህ የት ነው?» አለ አቶ ደስታ፣ ብዕሩን እያዘጋጀ።

«ቦዩ ዳር ነው ጌታዬ።»

«ዕቃህስ?»

«አካፋ።»

«ስንት?»

«አንድ። እጀታውን ሁለቴ ለውጬዋለሁ።»

አቶ ደስታ ሁሉንም ጻፈ። ከዚያ የሂሳብ መዝገብ እንዳለው ጠየቀው። የለውም። መዝገብ የሌለው ነጋዴ በግምት ነው የሚገብረው፤ ግምቱም ከኑሮው ይነሳል። አቶ ደስታ ቀና ብሎ የአብዱልሀኪምን ኑሮ ተመለከተ። ኑሮው የሱፍ ነበር፣ ሦስቱም ቁልፍ አልወለቀም። ግብሩ በዓመት አሥራ ስምንት ብር፣ ፈቃዱ ስድስት ብር ሆነ። ከሱ ቀጥሎ የገባው የእርሻው አረም አራሚ ብብቱ በተቀደደ ሸሚዝ ቀርቦ ሰባት ብር ከፍሎ ወጣ።

ሳፊያ ይህን ስትሰማ አልጮኸችም። «ኮቱን ለወንድሜ መልስ» አለችው፤ «ከነግብሩ ይውሰደው።»

በማግሥቱ እሁድ አብዱልሀኪም ውሉን በላስቲክ ጠቅልሎ ቤቴ መጣ። እስከዚያ ቀን ድረስ ያነበበለት አልነበረም፤ እኔም መትቼው ሳላነበው ቀርቻለሁ፣ ታይፒስት የሚያየው ፊደል ነው። ቀስ እያልኩ አነበብኩለት። አራተኛው ቁጥር ላይ ስደርስ እጁን አነሳ። ተዋዋዩ ሥራውን በራሱ ጊዜና በራሱ ዘዴ ያከናውናል፣ ለሌላ ለማንኛውም ሰው መሥራትም ይችላል ይላል። ሁለቴ አስደገመኝ።

«ይሄንን አቶ ይልማ ያውቀዋል?»

«እሱ ነው ያመጣው።»

«አንብቦታል?»

አሰብኩ። ከአዲስ አበባ ተሰጠው፣ ለእኔ ሰጠኝ፣ እኔ ገለበጥኩ። እንዳነበበው እርግጠኛ አይደለሁም አልኩት። ወረቀቱን መልሶ ጠቅልሎ ሄደ።

ከቦዩ በታች የቀወት ገበሬዎች ሽንኩርት ይተክሉ ነበር። በውሃ ተራ ሲጣሉ፣ ሲካሰሱ፣ አንዳንዴም በአካፋ ሲፈነካከቱ ዓመት ያልፋል። ከነሱ አንዷ እትዬ ከበቡሽ የሚባሉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ኃይለኛ ሴት ናቸው። አብዱልሀኪም ሄዶ በክፍያ የውሃ ተራቸውን ሊያስከብርላቸው ከሳቸው ጋር ተነጋገረ። ሽንኩርታቸው ሲያምር ጎረቤቶቻቸው አዩ። የካቲት ላይ ሰባት ደንበኛ ነበረው፤ የጠብ ነገር ስለቀነሰም የሚቆጡት ክስ እየጻፉ የሚኖሩት ራፖር ጸሐፊዎች ብቻ ነበሩ።

ብርቱካኑ አበባ ይዞ ውሃ በሚጠማበት አንድ ጠዋት አብዱልሀኪም እርሻው ላይ የለም። አቶ ይልማ በላንድሮቨሩ እኔን ጭኖ ፍለጋ ወረደ። እትዬ ከበቡሽ ማሳ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ አገኘነው።

«አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የት ነበርክ?»

«እዚሁ ነበርኩ፣ ጌታዬ።»

«የእኔ ብርቱካን እየደረቀ?»

«ከሰዓት በኋላ እመጣለሁ። በራሴ ጊዜ ነው ይላል፣ አራት ቁጥር።»

አቶ ይልማ ወደኔ ዞረ። አራት ቁጥርን ማን እንደጻፈው ጠየቀኝ። እሱ ካመጣው ወረቀት እንደገለበጥኩ ነገርኩት። ከዚያ እዚያው ማሳው ዳር ቆሞ ውሉ ፈርሷል አለ፤ ከሰዓት በኋላም መስኮቱን ከፍቶ ከካራቆሬ የመጣ አንድ ሰው በሃያ ሁለት ብር ቀጠረ።

የካራቆሬው ሰው ሰነፍ አልነበረም። ማሽላ ያመረተ፣ ዝናብ የጠበቀ ገበሬ ነው፤ ወንዝ አስተዳድሮ አያውቅም። መጋቢት ላይ አንድ ቀትር ሮቢ መልኩን ለወጠ። እሱ ውሃው በመብዛቱ ደስ ብሎት የቦዩን አፍ የበለጠ ከፈተው። ደራሹ ጉቶና ድንጋይ እያንከባለለ ገባ። የቦዩን አፍ ወሰደው፣ ጥጥ ሊዘራበት የተዘጋጀውን መሬት ደለል አለበሰው፣ ስልሳ ያህል የብርቱካን ዛፍ ነቅሎ ሄደ። ሰውዬው ዛፍ ላይ ወጥቶ ነፍሱን አተረፈ።

በሦስተኛው ቀን አቶ ይልማ አብዱልሀኪም ቤት ሄደ። ሳፊያ መደቡ ላይ አስቀምጣ ውሃ ሰጠችው፣ ሌላ ነገር አልሰጠችውም። አብዱልሀኪም ሐሳቡን አዘጋጅቶ ነበር። በወር ስልሳ ብር፣ ግብሩን እርሻው ይከፍላል፣ ጁምዓ አይሠራም፣ የካራቆሬው ሰው ሳይባረር ከሱ ጋር ሆኖ ይማራል። አቶ ይልማ አርባ አለ። አብዱልሀኪም በጣም በትሕትና ሌሎች ደንበኞች እንዳሉት ነገረው። በስልሳው ተስማሙ። ያንን ውል የመታሁት በአዲስ ቀለም ነው፤ አቶ ይልማም እያንዳንዷን ቁጥር ጣቱን እያስሄደ ሁለቴ አነበባት።

ይህን የሰሙ አርባ ሁለቱ ነጋዴዎች ውላቸውን እየያዙ ወደ እኔ መጡ። ለሁሉም አራተኛውን ቁጥር አነበብኩላቸው። አንድ አራሚ በነጋታው በራሱ ጊዜ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ደረሰ። አቶ ይልማ መስኮቱን ከፈተ፣ በቦታው ሌላ ሰው ገባ፣ ነገሩ በዚያው አለቀ። ወረቀቱ የሁላቸውም አንድ ነው፤ አረም የሚያርም ሰው ግን ከኋላው ደራሽ የለውም። ይህንን ለመረዳት ሕግ መማር አያስፈልግም፤ እነሱም ወዲያው ገባቸው።

ግንቦት ላይ አንድ ትልቅ ሰው ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ሲያልፉ ከተማዋን ይጎበኛሉ ተባለ። አውራ ጎዳናው ላይ የባሕር ዛፍ ቅስት ተተከለ። ለቅስቱና ለባንዲራው ነጋዴዎች እንዲያዋጡ ተወሰነ፤ ከግብር ሹሙ መዝገብ የተገለበጠው ዝርዝር ውስጥ የአብዱልሀኪም ስም ነበረበት። አምስት ብር ከፈለ። የከፈለ በነጋዴዎች ሰልፍ ውስጥ ይቆማል ስለተባለም፣ በጨርቅ ሻጩና በወፍጮ ቤቱ ጌታ መካከል ቆመ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ተኩል በዚያ ፀሐይ ቆሙ። እኔ ከማዶ ከተማሪዎቹ ጀርባ ነበርኩ፣ ሳፊያ ደግሞ አጠገቤ፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች።

ሦስት መኪኖች መስኮታቸውን እንደዘጉ በቅስቱ ሥር አልፈው ሄዱ። ነጋዴዎቹ ለአቧራው አጨበጨቡ። አቧራው ሲጠራ የወፍጮ ቤቱ ጌታ ወደ አብዱልሀኪም ጠጋ ብሎ፣ ነጋዴ ነጋዴን እንደሚጠይቀው፣ ገበያ እንዴት ነው አለው።

«አልሐምዱሊላህ» አለ አብዱልሀኪም ዓይኑን እየጠረገ፤ «ላይ ደጋው ካልዘነበ ደህና ነው።»