በርበሬው የጠቆረበት ፎቶ

ለማስተማር ደብረ ታቦር ከመጣሁ ወዲህ ቅዳሜ ከገበያ ቀርቼ አላውቅም። የምሸምተው ጥቂት ነው፤ ካሜራዬን አንግቤ ሰው አያለሁ። የማነሳው በጥቁርና ነጭ ብቻ ነው። ባልደረቦቼ "ቀለም እያለ ምን ነካሽ?" ይሉኛል። እኔ ግን ቀለሙ ሲቀር ፊት እንደሚጎላ አንድም ቀን ተጠራጥሬ አላውቅም።

አንድ ቅዳሜ ዛላ በርበሬ የሚሸጡ እናት አየሁ። ባጃጁን ጆንያቸው ላይ ሊያወጣው የደረሰ ሾፌር ላይ ይቆጣሉ። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ "እማማ፣ ባጃጁም እንደ እኔ ርቦት ነው" ሲላቸው ቁጣው ጠፋና በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ያን ጊዜ አነሳኋቸው። ሄጄ ነገርኳቸው።

"ካነሳሽ አይቀር አምጪልኝ" አሉኝ።

በሚቀጥለው ገበያ አሳጥቤ ወሰድኩላቸው። ገና ሲያዩት ፊታቸው ተለወጠ።

"አንቺ ልጅ፣ ባሌ በሕይወት አለ። ምነው በቁሜ ከል አለበስሽኝ?"

"ከል አይደለም፣ እማማ። የእኔ ፎቶ ሁሉም እንዲህ ነው።"

"በርበሬዬስ? ከሰል አስመስለሽው ማን ይገዛኛል?"

"ቀይ ቢሆን ኖሮ ሰው በርበሬውን አይቶ እርስዎን ያልፍዎት ነበር።"

"እኔን ቢያዩኝ ምን ሊረባኝ? የምሸጠው በርበሬውን ነው።"

በዙሪያው ያሉ ነጋዴዎች ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ባለ ቀለም አደርግልዎታለሁ አላልኩም። "ቤት ወስደው ይዩት፤ ካልወደዱት ይመልሱልኛል" ብዬ ተውኩላቸው። ጥሩ ፎቶ ነበር፤ እንደማይመልሱት ልቤ ያውቃል።

በሳምንቱ ገና ከሩቅ በእጃቸው ጠሩኝ።

"ፎቶው የለም" አሉ። "ወንድሜ ከጋፋት ሊጠይቀን መጥቶ ግድግዳው ላይ አየው። ብዙ ቆሞ ቆሞ፣ 'የእናታችንን ፎቶ ከየት አገኘሽው?' አለኝ።"

እናታቸው ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። በሕይወት ሳሉም ፎቶ ተነስተው አያውቁም።

"እርስዎ እንደሆኑ አልነገሩትም?"

"ነገርኩት እንጂ። አውቆም ወሰደው። እናታችን ስትስቅ እንዲህ ነበር አፏን የምትሸፍነው። እኔም እንደምሸፍን አላውቅም ነበር።"

በርበሬውን በእጃቸው እያገላበጡ፣ "ሌላ አሳጥቢልኝ። ምኑንም አትንኪው፤ እንዳለ ይሁን" አሉኝ።

"እሺ፣ እማማ።"

ከዚያ ተነሱና ከጎናቸው ሽንኩርት የምትሸጠውን ሴት ክንዷን ያዙ። "ነይ፣ አንቺም ተነሺ" አሏት። ሴትዮዋ ደንግጣ ሻሿን ልታስተካክል እጇን ሰደደች።

"ተይው" አሏት፣ "እንዳለሽ ነው የምታነሳው።"

ካሜራዬን ከፈትኩ።