ምራን የማይናገረው ክብደት

ሚያዝያ ፲፰ ቀን ፳፻፲፭ ዓ.ም.፣ ረቡዕ፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ። ታናሽ ወንድሜና እኔ ዳንግላ ከተማ ውስጥ የእርሻና የእንጨት ሥራ መሣሪያ ከሚሸጥበት ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆመን ባለሱቁ በሩን እስኪከፍት እንጠብቃለን። ቀኑንና ሰዓቱን አስቀድሜ ማስፈሬ የቆየ ልማድ ነው። በወጣትነቴ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የደን ትምህርት ስማር፣ መቼ እንደተለካ ያልተጻፈለት ልኬት እንዳልተለካ ይቆጠራል ተብለን ነበርና እስከ ዛሬ አልተውሁትም።

የመጣነው ተለቅ ያለ የሞተር መጋዝ ለመምረጥ ነበር። ወንድሜ ለብዙ ዓመታት ዲከረንስ ለከሰል የሚቆርጥባት ትንሽ መጋዝ አለችው። ዲከረንስ ቀጭን ዛፍ ነው፤ ለእርሱ ትንሿ ትበቃ ነበር። አሁን የሚጠብቀው ዛፍ ግን የተለየ ነው።

ወንድሜ የሚኖረው ጥርባ አጠገብ፣ አባታችን በተወልን ቦታ ላይ ነው። ከቤቱ በስተምሥራቅ፣ እኔ ፊደል በምቆጥርበት ዘመን አባታችን የተከለው ባሕር ዛፍ ቆሟል፤ ዛሬ ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ አያቅፈውም። ባለፈው ክረምት ነፋስ ሲያወዛውዘው አድሮ ሥሩ አጠገብ መሬቱ ተሰነጠቀ፤ ግንዱም ወደ ቤቱ ዘመመ። መስከረም ላይ ከግንዱ ቱንቢ አውርጄ፣ ጫፉ ያረፈበትን ነጥብ በችካል ምልክት አደረግሁ። በጥምቀት ሰሞን ተመልሼ ያንኑ ቱንቢ ከዚያው ቦታ ባወርደው ከችካሉ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ቤቱ አልፎ ወረደ። ዛፉ ቢወድቅ የሚያርፈው ወንድሜና ሚስቱ በሚተኙበት ጓዳ ላይ ነው። መጪውን ክረምት ቆሞ አያሳልፍም ብዬ ነገርሁት፤ አልተከራከረኝም።

የተከራከረኝ ስለሚቆርጠው ሰው ነው። አባታችን፣ አያታችን የተከለውን ዝግባ በገዛ ምሳሩ ነበር የጣለው፤ ለዘመድ እንኳ አልሰጠም። ወንድሜ ይህን ልጅ ሆኖ አይቷል። «አባቴ የተከለውን ባዳ አይጥለውም» አለኝ። ሌላ ቆራጭ እንፈልግ ባልሁ ቁጥር ከዚህች ዓረፍተ ነገር ውጭ ሌላ መልስ ሰጥቶኝ አያውቅም።

ችግሩ ግራ እጁ ነው። ኅዳር ውስጥ አንድ ቀን ጧት የያዘው ብርጭቆ ከእጁ ወጥቶ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ጣቶቹ የጨበጡትን ነገር ቀስ እያሉ ይለቁታል። እርሱ «ብርድ ነው፣ ተኝቼበት ነው» ይላል። በቅቤ አሸው፣ ጠበልም ሄደ። የአንጎል ደም ሥር ነገር ሊሆን ይችላልና እንጅባራ ሆስፒታል እንሂድ ብዬ ለመንሁት። «ሐኪም ቤት የገባ ከእኛ ሰፈር ማን በእግሩ ወጣ?» ብሎ ሳቀብኝ። የወጡትን በስም ቆጠርሁለት፤ ግን አልሄደም።

ባለሱቁ ከፈተልን፤ ጎልማሳ፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው። ሁለት መጋዝ አውርዶ ባንኮኒው ላይ አጋደማቸው። የአንደኛው ላማ፣ ማለት ሰንሰለቱ የሚዞርበት ጠፍጣፋ ብረት፣ ረጅም ነው፤ ሞተሩ ግን አነስ ይላል። ሁለተኛው ላማው በአንድ ጋት ያጠረ፣ ሞተሩ የገዘፈ ነው።

«ሚዛኑ እንዴት ነው?» ሲል ወንድሜ ጠየቀ።

«ይሄኛው ስድስት ኪሎ ገደማ፣ ያለ ላማው። ያኛው ከፍ ይላል።»

«ኪሎውን ማን ጠየቀህ? ሽንኩርት ልገዛ አልመጣሁ። ሚዛኑን ነው ያልሁህ፤ ሲይዙት ወዴት ያደላል?»

«እሱማ አባባ» አለ ባለሱቁ እየሳቀ፣ «እንደ ያዡ ነው።»

እኔ ሁለቱም ቤንዚንና ዘይት እንዲሞላባቸው ጠየቅሁ፤ ባዶ መሣሪያና የተሞላ መሣሪያ አንድ ዓይነት ሚዛን የላቸውምና።

«እንዴ አባባ! ሳይገዟት ሊቀልቧት ነው?»

«ሙላለት፣ ሙላለት» አለ ወንድሜ። «እኒህ ሰውዬ ጋሼ ናቸው፤ ጨው እንኳ ሲገዙ ቀምሰው፣ አሽተው፣ ብርሃን ላይ አይተው ነው።»

ሲሞላ ወንድሜ ከኮቱ ኪስ አንድ ምራን አወጣ። ምራን ቀንበርን ከሞፈር ጋር የሚያስረው የቆዳ ጠፍር ነው፤ ሰው ይዞት ገበያ የሚወጣ ዕቃ አይደለም። በአገራችን አዲስ ቀንበር የጠረበ ገበሬ መካከሉን በምራን አስሮ ያንጠለጥለዋል። ወደ አንዱ በሬ ካጋደለ ያንን ወገን ይጠርበዋል፤ እኩል ሲሆን ብቻ ከበሬ ጫንቃ ያውለዋል። ወንድሜ ምራኑን በመጋዙ የፊት እጀታ አሾልኮ ጫፉን ሰጠኝና «ያዝ፣ ጋሼ። አንጠልጥለውና እንየው» አለኝ።

አንጠለጠልሁት። ረጅም ላማ ያለው አፍንጫውን ደፍቶ ወደ መሬት አመለከተ። ወንድሜ «ይሄ ሣር የሚግጥ በሬ ነው» ብሎ ባለሱቁን አሳቀው። ሁለተኛውን ባነሣሁት ጊዜ ግን ትንሽ ተወዛውዞ ጸና፤ ላማው ከባንኮኒው ጠርዝ ጋር እኩል ተጋደመ። ዘዴው እንከን አልነበረበትም። እኛ በቤተ ሙከራ የክብደትን ማዕከል በክርና በቱንቢ ስንፈልግ ያደረግነው ይህንኑ ነው። ዘዴውን ላመሰግንለት ቀና ስል፣ ግራ እጁ ሱቁ ከገባን ጀምሮ ከኮቱ ኪስ እንዳልወጣ ልብ አልሁ። ያን ጊዜ ምራኑ ለምን እንደመጣ ገባኝ። መጋዙን ራሱ እንዳያነሣው ነበር።

«አሁን በእጅህ ያዘው» አልሁት። «በሁለት እጅህ።»

«አየኸው እኮ። ልክ ነው።»

«ምራኑ ሚዛኑን ነገረን። ክብደቱን ግን ራሱ ተሸክሞ ዝም አለ። እርሱን ክንድህ ይንገረኝ።»

አንሥቶ ያዘው። ቀኙ ጸና። የግራ ጣቶቹ ግን ዓይኔ እያየ፣ ሳይቸኩሉ፣ እንደ እንቅልፍ እንደወሰደው ሰው እጅ አንድ በአንድ ተከፈቱ፤ ላማውም ባንኮኒው ላይ ወደቀ። ባለሱቁ ፈጥኖ «እጀታው ዘይት ነክቶት ነው» አለ። እጀታው ደረቅ ነበር።

ወንድሜ ባለሱቁ እንዳይሰማ ወደ እናታችን ቋንቋ ወደ አውኚ ተሻገረና፣ ባዳ ፊት እንዳላዋርደው፣ ዛሬ ብቻ ዝም እንድልለት ለመነኝ። እኔም በዚያው ቋንቋ ሁለቱንም እንዳይገዛ ነገርሁት። «አንተ ካልመረጥህልኝ ረጅሙን እወስዳለሁ» አለኝ። የሚያደርገው ሰው መሆኑን አውቃለሁ። አፍንጫው የሚደፋውን ይዞ ከዛፉ ሥር ከሚቆም ብዬ፣ ሚዛኑ ልክ የሆነውን መረጥሁለት። ባለሱቁ ይህን ሁሉ ጊዜ ጀርባውን ሰጥቶን መደርደሪያውን ሲወለውል ቆየ። ዕቃውን አስይዞ ሲሸኘን «በሰላም ግቡ» ያለን ግን ጥርት ባለ አውኚ ነበር። ወንድሜ ፊቱ ጠቆረ፤ መጋዙን በቀኙ አንጠልጥሎ ወደ መናኸሪያው ቀደመኝ።

በሚኒባሱ ውስጥ መጋዙን በእግሮቹ መካከል አቆመው። አዲስ ቅዳም ስንደርስ የከሰሉ ማዳበሪያ በመንገዱ ዳር እንደ ወትሮው ተደርድሯል፤ ከበስተጀርባው ያለው ዲከረንስ ግን ብዙው ቅጠሉ ነድዶ እንደተለበለበ ሆኖ ቆሟል። አንድ ተሳፋሪ መጋዙን አይቶ «አባባ፣ የቀረችንን ዲከረንስ ሊጨርሷት ነው?» አለው።

«ዲከረንሱንስ በሽታው ጨረሰው» አለ ወንድሜ። «ለእኔ የቀረኝ አንድ ዛፍ ነው።»

ሰው ሳቀ። እኔ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ።

በዚያው ሳምንት ዓርብ ጧት ጥርባ ሄድሁ። የወንድሜ ሚስት ከአጥሩ በር ላይ ጠብቃ ይዛኝ «ጋሼ፣ እባክዎ ይንገሩት። እኔን አይሰማኝም» አለችኝ። እኔንም እንደማይሰማኝ ነገርኋት። አልጋውን ከጓዳው አውጥታ ከግቢው በሌላ በኩል ወዳለው ማድ ቤት ወስዳ ነበር። «ለዛሬ ነው ወይስ ለሁልጊዜ?» ብዬ ጠየቅኋት። «ያንን እሱን ይጠይቁት» አለችኝ።

ወንድሜ ከዛፉ ሥር መጋዙን አስቀምጦ፣ የኋላ እጀታውን በእግሩ ረግጦ፣ ገመዱን በቀኙ ሳበ። ሞተሩ በሁለተኛው ተነሣ። ድምፁ ከትንሿ መጋዝ ድምፅ ይወፍራል፤ ዶሮዎቹ አጥሩን አልፈው ሸሹ። አነሣው። ለአፍታ፣ ይህን ሳልመሰክር ብቀር ሐሰት ይሆናል፣ መጋዙ ከወገቡ ትይዩ እኩል ተጋድሞ ቆመ፤ እርሱም የሃያ ዓመት ሰው መሰለ። ሰንሰለቱ ቅርፊቱን ነካ፤ ነጭ ዱቄት ብናኝ ወጣ። ከዚያ በኋላ አፍንጫው ቀስ እያለ መውረድ ጀመረ። ወንድሜ ሊመልሰው በቀኙ ታገለ፤ ግራው አልተከተለውም። ላማው ከግንዱ ተንሸራትቶ አፈር ገባ፤ ሰንሰለቱ ድንጋይ መትቶ ብልጭ አለ። አጠፋው።

«ላማው ከበደ» አለኝ ወደ እኔ ሳይዞር።

«ላማው አይደለም።»

ወጣት ሳለን እርሱና እኔ ሁለት ሰው በሚስበው መጋዝ ግንድ ስንተረትር ክረምት ከበጋ አሳልፈናል። እርሱ ሲስብ እኔ እለቃለሁ፣ እኔ ስስብ እርሱ ይለቃል፤ የመንደሩ ሰው ቅንጅ ይለን ነበር፣ እንደ ጥንድ የእርሻ በሬ። እርሱም ያንኑ አስቦ ኖሮ ምራኑን ከኪሱ አወጣና «አፍንጫው ላይ አስረህ ወደ ላይ ያዝልኝ። እኔ ከኋላ እገፋለሁ። እንደ ድሮው» አለኝ።

«በሚዞር ሰንሰለት አፍንጫ ዘንድ ሰው አይቆምም።»

«ትፈራለህ?»

«አዎ። ሽማግሌ ነኝ፣ ጉልበቴ አይታጠፍልኝም፣ ዛፉ ወደየት እንደሚዞርም አላውቅም። ስለ አንተም እፈራለሁ። የጀመርነውን ሳንጨርስ እጅህ ቢለቅ፣ በግማሽ የተቆረጠ ዛፍ ቤትህ ላይ ትተን ነው የምንቀመጠው።»

ምራኑን በቀኝ እጁ ጠቅልሎ ፈታው፤ ደግሞ ጠቀለለው። «እንግዲያ ቅንጅ የለኝም ማለት ነው» አለ። የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ጠባቂ ልጅ ጥሩ ቆራጭ እንደሆነ፣ እኛ ሁለታችን ከአጠገቡ ቆመን፣ ልጁ በወንድሜ ትእዛዝ ሊቆርጥ እንደሚችል ነገርሁት። ሐኪም ቤቱንም ደግሜ አነሣሁበት።

ወንድሜ ወደ ቤት ገብቶ መጋዙን ከጣራው አግዳሚ ላይ በምራኑ አሰረው። ምራኑን ሞፈሩ አይጠይቀውም፤ መሬቱን ዘንድሮ ለእኩል አራሽ ሰጥቶታል። መጋዙ ትንሽ ተወዛውዞ ጸና፤ ላማው ከመሬቱ ጋር እኩል ተጋደመ፣ ልክ ሱቅ ውስጥ እንዳየነው። ወንድሜ ከሥሩ መደብ ላይ ተቀምጦ ሲያየው ቆየና «መርጠህልኛል፣ ጋሼ» አለኝ። ቀልድ ይሁን ምስጋና አልለየሁትም።

ይህን የምጽፈው ሰኔ ከገባ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ጥሏል፤ ቱንቢው ከችካሉ ስንዝር ከአራት ጣት ርቆ ይወርዳል። ዛፉ አልተቆረጠም፤ የሚቆርጠውም ሰው አልተወሰነም። እጁን ሐኪም አላየውም። ሚስቱ ማድ ቤት ታድራለች፤ እርሱ ከመጋዙ ሥር፣ ዛፉ ወደሚያዘነብልበት ጓዳ በር አጠገብ ባለው መደብ ላይ ይተኛል።